የእናቴ ቀኝ ጆሮ ዋጋ

አባቴ በዕድሜው ሙሉ በተጠራለት ዋጋ ሲገዛ ያየሁት ሙዝ ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ውጪ ጨውም ይሁን ክብሪት፣ የሕፃን ጫማም ይሁን የመስጊድ ምንጣፍ፣ ሳይከራከር የገባ ዕቃ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከእሱ ጋር መርካቶ መውረድን እንደ ቅጣት ነበር የምናየው። መርካቶ ስል የጅማውን ማለቴ ነው።

አከራከሩ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ዕቃውን ያንቋሽሻል። ቀጥሎ የተጠራውን ግማሽ ይሰጣል። ሻጩ ሲምል እሱም ይምላል። በመጨረሻ ዕቃውን አስቀምጦ ይሄዳል፤ ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲሄድ ዞሮ አያይም። «ዞሮ ያየ ይከፍላል» ይለን ነበር። ሻጭ ዓይኑን የሚተክለው ጀርባህ ላይ ነው፤ አንገትህ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ልብህ ዕቃው ጋ እንደቀረ ያውቃል፤ ካልተንቀሳቀሰ «ኧረ ና! ኮቱ፣ ውሰደው!» ብሎ ይጠራሃል። የሚያናድደኝ ነገር፣ ሁልጊዜም ይጠሩት ነበር።

እናቴ በዚህ ጨዋታ ከእሱ ትብስ ነበር። አብረው ገበያ ከወጡ ክርክሩን ለእሱ ትታ ዝም ትላለች። እሱ በዓይኑ ጥቅስ ሲያደርጋት የያዘችውን ዕቃ ቆሻሻ የነካች ይመስል በሁለት ጣቷ አንሥታ ታስቀምጥና ቀድማ ትሄዳለች። እሱ «ይኸው፣ ሴትዮዋን አስቀየምክብኝ» እያለ ይከተላታል። አንድም ጊዜ ስትዞር አላየኋትም።

አባቴ ድሮ ቡና ነጋዴ ነበር። ከሰርቦና ከዙሪያዋ ገበሬዎች ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ እየገዛ ጅማ ያስገባል። ፈረሱላውን በዓይኑ ገምቶ ሚዛኑ ሲያረጋግጥለት ደስ ይለው ነበር። ደርግ ከመጣ በኋላ የቡና ዋጋ ከላይ ተቆርጦ የሚወርድ ሆነ። ገበሬው የሚሸጥበትም ነጋዴው የሚያስረክብበትም ወረቀት ላይ ተጽፎ ይለጠፋል። አባቴ የመጀመሪያውን ቀን ሊከራከር ሞከረ። ወረቀቱን የለጠፈው ሰው «አባባ፣ ዋጋውን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም» አለው። የቆረጠውን ሰው ደግሞ ማንም አያውቀውም። እንግዲህ ከማን ጋር ይከራከር? ትንሽ ታግሎ ተወውና መርካቶ ውስጥ ሳሙና፣ ክርና መርፌ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ሚዛኑን ግን አልሸጠም። ጓዳ ውስጥ ጨርቅ አልብሶ አስቀመጠው። «ቁርጥ ዋጋ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሰው በእናቱ የሰደበው ያህል ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

እናቴ የደነቆረችው እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ከእኔ በኋላ የተወለደውን፣ ብዙም ያልቆየውን ሕፃን ወልዳ የያዛት ትኩሳት ግራ ጆሮዋን ጨርሶ ወሰደው። ቀኙ ትንሽ ቀረለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእናቴ ጆሮ ለሁላችንም ባዳ ሆነ። ሰው ባወራ ቁጥር ወደ እኔ ዞራ «ማል ጄዴ? ምን አለ?» ትለኛለች። እኔም ሦስት ጊዜ እነግራታለሁ። አንደኛውን አትሰማም፣ ሁለተኛውን ሌላ ነገር አድርጋ ትሰማዋለች፣ በሦስተኛው ትደርስበታለች። ቀልድ ሦስት ጊዜ ሲነገር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ የቤት ቁጥር የሚጠራው አንዴ ብቻ ነው፤ አቤት ያላለ ያልፈዋል። እኔ ትምህርት ቤት ከሆንኩ እናቴ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለሳለች። ስትመለስ ትስቃለች። ሳቋ ነበር የሚያበሽቀኝ።

ወንድሜን ግን ትሰማዋለች። ድምፁ ወፍራም ነበር። አፉን ወደ ቀኝ ጆሮዋ አስጠግቶ ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ ያወራታል፤ እሷም መልስ ትሰጠዋለች። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ የማይገባት እሱ ሲያንሾካሹክላት ይገባታል። አልቀናም ነበር ብል ውሸት ነው።

ያንን ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። በቀበሌው ግቢ ወጣቶቹን ሰብስበው ስም ሲጠሩ እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ የልጇ ስም ሲጠራ አልሰማችም። እሱ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ፊት ሲሄድ አይታ «ማል ጄዴ?» አለችኝ። የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ።

ከብዙ ወራት በኋላ የስልክ ቤቱ ተላላኪ ወረቀት ይዞ መጣ። ያኔ የሩቅ ሰው ሲደውል እንዲህ ነበር፤ ነገ በዚህ ሰዓት ስልክ ቤት ተገኙ የሚል ወረቀት ይደርሳችኋል፤ ሄዳችሁ አግዳሚ ላይ ትጠብቃላችሁ፤ «ቁጥር ሁለት ግቡ!» ሲባል የመስታወት በር ያለው ሳጥን ውስጥ ትገባላችሁ። እናቴ የዒድ ልብሷን ለብሳ ሄደች። መነጋገሪያውን ቀኝ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አቤት ልጄ! አቤት!» አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ እያየሁት ቀስ በቀስ ጠፋ። ስልኩ ያንን ወፍራም ድምፅ አቅጥኖ ነበር መሰለኝ የሚያመጣው፤ ምንም አልሰማችም። መነጋገሪያውን ሰጠችኝ።

«እማ አትሰማኝም እንዴ? እየጮህኩ እኮ ነው» አለኝ ወንድሜ።

«ስልኩ ነው» አልኩት።

«ስሚ፣ ለአባ ንገሪው። የጆሮ መሣሪያ የሚባል አለ። እዚህ መድፍ ጆሮውን የወሰደበት መቶ አለቃ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ ማንኛችንም ይሰማል። አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ነው የገዛሁት ብሎኛል። አምስት መቶ ምናምን ብር ነው አለኝ። በሚቀጥለው ስደውል ከራሷ ጋር ነው የማወራው፤ ከአንቺ ጋር ማን ያወራል!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ስልኩ ተቋረጠ።

አባቴ የሰማ ዕለት ጓዳ ገብቶ የሚዛኑን ጨርቅ ገፈፈ። ከገዢው ጋር ሙሉ ቀን ተከራክሮ በጥሩ ዋጋ ሸጠው። ማታ ራት ላይ ሰውየው ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ እንደተመለሰ እየነገረን ሲስቅ፣ የሸጠው የራሱን ክንድ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። የቀረውን እናቴ ከጌጧ ሞላችው። ሐኪም ቤት ወስደናት ሐኪሙ ግራውን ተዉት፣ ቀኙን ግን መሣሪያ ይረዳዋል አለን። ስድስት መቶ ብር በእናቴ መቀነት ውስጥ ታሰረ። የአውቶቡሱ ለብቻ ነበር።

ሦስታችን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ለዘመድ ስጦታ የያዝናትን ጥቂት ቡና ጊቤ ድልድይ ኬላ ላይ ወሰዱብን። ቡና ከጅማ ማውጣት ክልክል ነበር። ፈታሿ እናቴን ስትዳብስ መቀነቱ ላይ ስትደርስ ብሩ ሊሄድ ነው አልኩ፤ ደግነቱ የምትፈልገው ቡና እንጂ ብር አልነበረም።

ፒያሳ ያለው ሱቅ መነጽር ቤት ነበር። ሻጩ ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መሣሪያውን ከመሳቢያ አወጣው። ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን ቢደረግ የሚያህል ሳጥን ነው፤ ደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሱ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ጆሮ ውስጥ ወደሚገባው ፍሬ ይሄዳል። «የቀረኝ ይሄ አንድ ነው» አለ። አባቴ በዓይኑ ጠቀሰኝ። የቀረኝ አንድ ነው የማይል ሻጭ አላህ አልፈጠረም ማለቱ ነው።

ሻጩ ፍሬውን በእናቴ ቀኝ ጆሮ ውስጥ አስገብቶ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በጣቱ ቀስ እያደረገ አዞራት። ውጪ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እናቴ ወደ በሩ ዞረች። እኔ ዝም ብዬ ቆሜአለሁ፤ መጮህ ልማዴ ሆኖ በዝግታ እንዴት እንደማናግራት ጠፋኝ።

«አናግሪያት እንጂ» አለኝ ሰውየው።

«እማ» አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ ልጄ! ድምፅሽ እንዲህ ነው እንዴ? አድገሻል እኮ! እኔ ስትጮሂ ብቻ ነው የማውቅሽ» አለች። ቀጥላ ወደ አባቴ ዞራ «ልጄንም እሰማዋለሁ፤ ኢንሻላህ እሰማዋለሁ» አለችው።  ያኔ ከፍለን ብንወጣ ኖሮ ይህንን የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

«ስንት ነው?» አለ አባቴ።

«አምስት መቶ ሰማንያ። ከነ ባትሪ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ እርስዎ ይገዛሉ።»

«ለሁለቱም ጆሮ?»

«አይደለም አባባ፣ ለአንዱ ነው።»

«ታዲያ የሙሉ ሰው ዋጋ ለምን ትነግረኛለህ?» አለ አባቴ። የክርክር ዛሩ ተነሣበት ማለት ነው። ሽቦውን በጣቱ አንሥቶ አየው። «ይሄ የልብስ ስፌት ክር ይመስላል። በዚህ ዋጋ ሬዲዮ ይገዛል እኮ፤ ሬዲዮ ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ ነው የሚያወራው። ሦስት መቶ ልስጥህ።»

እናቴ መሣሪያው ጆሮዋ ውስጥ ነው። የባሏን ክርክር ከስንት ዓመት በኋላ በጆሮዋ እየሰማች ፈገግ ትላለች። ይህቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልሄደችም።

«አባባ፣ እዚህ ክርክር የለም። ዋጋው ቁርጥ ነው» አለ ሻጩ።

ወይ ጉድ! ከቃላት ሁሉ ይህችን ይምረጥ? የአባቴ ፊት ተለወጠ። «ሰው የቆረጠውን ሰው ይቀጥለዋል» አለ።

«ዋጋውን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም። ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ቀረጥ አለው፣ ምንዛሪ አለው...»

ወረቀት ለጣፊው የተናገረውን ሰውየው ሳያውቅ ደገመው። ከዚህ በኋላ አባቴ የሚከራከረው ከመነጽር ሻጩ ጋር እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ መግባቱ ግን ምን ይጠቅማል? እጅጌውን ጎትቼ «አባ፣ እዚህ እንደ መርካቶ አይደለም። እንክፈልና እንሂድ» አልኩት። «አንቺ ስለ ገበያ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሦስት መቶ ሃምሳ አለ፣ አራት መቶ አለ። ሻጩ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ በዓይኑ ጥቅስ አደረጋት።

እናቴ ፍሬውን ከጆሮዋ በገዛ እጇ አወጣችው። በሁለት ጣቷ ይዛ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ሳጥኑንም ከደረቷ አውርዳ አጠገቡ አደረገችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማን ወጣች። አባቴ ተከተላት። አልዞረችም፤ እሱም አልዞረም። ያለቀለት አካሄድ ነበር። ጅማ ቢሆን ኖሮ ሻጩ ባዶ እግሩን ሮጦ ይመልሳቸው ነበር።

እኔ ዞርኩ። ሰውየው ፍሬውን በጥጥ ጠርጎ ወደ መሳቢያው እየመለሰ ነው። ወደ በሩ ቀና እንኳ አላለም።

«ዞረሽ አየሽ!» አለ አባቴ አስፋልቱ ላይ። «አበላሸሽብኝ! አሁን እንዴት ይጠራናል?»

ከሱቁ ማዶ ሻይ ቤት ገባን። አባቴ ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ ተቀመጠ፤ እናቴም እንደዚያው። ለእኔ በሩ የሚታይበት ወንበር ደርሶኝ ነበር፤ አባቴ አስነሣኝና ወንበሬንም ወደ ግድግዳው አዞረው። ሦስታችን እንደ ተቀጣ ተማሪ ግድግዳ እያየን ሻይ ጠጣን። ደጋግመን አዘዝን። ሰው በገባ ቁጥር አባቴ «መጣ» ይላል፣ አልመጣም። ተመልሰን እንግባ ስለው «አሁን ብንገባ ስድስት መቶ ነው የሚለን» አለኝ። እናቴን ብትረዳኝ ብዬ ጆሮዋ ላይ ጮኽኩ። ተስተናጋጁ ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ ግን የባሏን ጉልበት መታ መታ አድርጋ «ይደር። አድሮ የማይበርድ ዋጋ የለም» አለች። እንግዲህ ሁለት ሆኑብኝ።

«ሌላ ሰው ቢገዛውስ?» አልኩ።

«ማን ይገዛዋል? ደንቆሮ እንደ ቡና በየደጁ ይበቅላል?» አለ አባቴ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት እዚያ ነበርን። አባቴ ሌሊቱን አስቦ አምስት መቶ ላይ ሊታረቅ ወስኗል፤ መንገድ ላይ ነግሮኛል። ገና ከመግባታችን ሻጩ አየን፣ ፊቱ ተጨማደደ።

«አባባ፣ ተሸጠ እኮ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከደሴ የመጡ ሰዎች ወሰዱት።»

አባቴ ሳቀ። ብልሃት መሰለው። «አምስት መቶ» አለ። ሻጩ ባዶውን መሳቢያ ስቦ አሳየው። «እሺ፣ አምስት መቶ ሰማንያ።»  አባቴ በሕይወቱ ብሎት የማያውቀውን አለ፤ «ስድስት መቶ ልስጥህ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እናቴ ምን እንደሚባል ባትሰማም የባሏን ፊት አይታ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ብሩን መስታወቱ ላይ ዘረገፈችው። ሰውየው በሁለት እጁ ሰብስቦ ወደ እሷ መለሰው።

«እናቴ፣ የጠፋው ብር አይደለም፤ ዕቃው ነው። ምንዛሪ ሲፈቀድ ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚፈቀድ አላውቅም። እኔም እንደ እናንተው ጠባቂ ነኝ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማል ጄዴ?»

«ተሸጠ» አልኳት። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተጠጋችኝ። «ተሸጠ፣ እማ!» መነጽር ሊገዙ የመጡ ሰዎች ያዩናል። «ተሸጠ!»

«ረቢ አላለውም፤ አላህ አልፈቀደም» አለችና ብሩን መልሳ ቋጠረች። አባቴን ቀና ብላ አላየችውም፤ እንዳታሳፍረው ነው።

ስንመለስ ወልቂጤ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አንዲት ሴትዮ ሙዝ ይዛ ወደ መስኮቱ መጣች። አባቴ ዋጋውን ጠየቀ፣ ነገረችው፣ ከፈለ። ሴትዮዋ ራሷ ገርሟት ብሩን አገላብጣ አየችው። ሙዙን ማናችንም አልበላነውም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሁለት ጊዜ ብቻውን አዲስ አበባ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ አልመጣም ተባለ። ብሩም በቤት አልቆየም፤ ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ነው፣ ለሚሊሺያ ስንቅ ነው እየተባለ ከቀበሌ ሲመጡ መቀነቱ ይፈታል። እዚያ ላይም ክርክር የለም።

ሁለተኛው የስልክ ቤት ወረቀት የመጣው በዚህ መካከል ነው። አባቴ ጠርቶኝ «አንቺ ያዢና አናግሪው። መሣሪያው አልቆ ነው፣ ሲመጣ እንገዛለን በይው» አለኝ። እኔም የምለውን በልቤ እያሰናዳሁ ሄድኩ። እናቴ እንደ መጀመሪያው የዒድ ልብሷን ለብሳለች። «ቁጥር ሁለት!» ሲባል ግን ከእኔ ቀድማ ገባችና የመስታወቱን በር በፊቴ ዘጋችው።

ከውጪ ሆነን የእሷ ድምፅ ይሰማናል፤ ደንቆሮ ሲናገር ይጮሃል።

«አቤት ልጄ! እሰማሃለሁ! ጥርት ብሎ ይሰማኛል!»

አባቴና እኔ ተያየን።

«አዎ፣ አባትህ ገዛልኝ! የጠሩለትን ከፍሎ፣ ሳይከራከር ገዛልኝ! ዋላሂ!»

አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ዝም አለች። መነጋገሪያው ጆሮዋ ላይ ነው። ቆይታ «እሺ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ «ኢንሻላህ ልጄ» ትላለች። ሰው ምን ያህል አውርቶ ምን ጊዜ ትንፋሽ እንደሚወስድ ከዓመታት ልምድ ታውቀዋለች። ወንድሜ ሊሰማት ለሚችል ሰው ልቡን ከፍቶ እያወራ ነው፤ ወሬው አንዲት ቃል ሳትተርፍ እዚያ ጆሮ ላይ ይሞታል። የበሩን እጀታ ያዝኩ። ብከፍት እናቱ እንዳልሰማችው ያውቃል። ባልከፍት የሚለውን ማንም አይሰማውም። እንደያዝኩት ቀረሁ። ሁለቱም ያው ለቅሶ ነበር።

መስመሩ ሲቋረጥም አላወቀችም። «ራስህን ጠብቅ፣ ብርድ አይምታህ» እያለች ታወራለች። የስልክ ቤቷ ሴት መጥታ መስታወቱን አንኳኳች፤ እሷንም አልሰማቻትም። በሩን የከፈትኩት ያኔ ነው።

«ደህና ነው» አለችን ስትወጣ፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ከዚያ ወዲያ ወረቀት አልመጣም። መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነቱ አለቀ፣ ከሰሜን በእግራቸው የተመለሱ ልጆች መንገዱን ሞሉት። እናቴ ደጃፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። የኛ አልመጣም። መሞቱን የነገረን ሰውም የለም።

እኔ አስተማሪ ሆኜ ደመወዝ ከያዝኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ የጆሮ መሣሪያ ገዛሁ። ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ ሆኗል። ዋጋው የደነገጥኩበት ነበር፤ ግን የጠሩልኝን ከፍዬ ወጣሁ። ጅማ ስደርስ ያረጀው አባቴ እጁ ላይ አድርጎ አገላበጠው።

«ስንት አሉሽ?»

ነገርኩት።

«ስንት ቀነሱልሽ?»

«አልተከራከርኩም፣ አባ።»

መሣሪያውን መለሰልኝ። «ደግ አደረግሽ» አለኝና ለውዱእ ውሃ ሊቀዳ ወጣ።

ለእናቴ ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር፤ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጎረቤት ልጅ ስታለቅስ ሰማች። አባቴ ጓሮ ሲያስነጥሰው «ዛሬም እንደዚሁ ነው የሚያስነጥሰው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዘች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ በልጅነቴም አላስታውስም።

«ያን ቀን፣ ስልክ ቤት» አለችኝ፣ «መስታወቱ ጋ ቆመሽ ነበር። የወንድምሽ ድምፅ ወደ ውጪ አልወጣም? ማል ጄዴ?»

«አልሰማሁም፣ እማ» አልኳት በዝግታ።

መድገም አላስፈለገኝም።